ከሉኪኮ ወደ ማኬሬሬ

በ1953 በዩጋንዳ ውስጥ ያለው የቡጋንዳ መንግሥት ንጉሥ፣ ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ፣ እና በካምፓላ የንጉሡ መቀመጫ በሆነችው በሜንጎ ኮረብታ ላይ የሚሰበሰበው ሸንጎ፣ ሉኪኮ፣ ለእንግሊዝ መንግሥት ያልተጠበቀ ጥያቄ አቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቡጋንዳ ጉዳይ ከቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ወጥቶ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመለስልን አሉ። ሲያዩት የቢሮ ለውጥ ይመስላል። ነገር ግን ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የሚያዘው በራሱ ይዞታ ላይ ነበር፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚነጋገረው ከሌላ መንግሥት ጋር ነው። ቡጋንዳ በ1900 ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራርማለች፤ እስከ 1905 ድረስም የዩጋንዳ ጉዳይ የሚታየው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። ሜንጎዎች ይህን አልረሱም።

ጥያቄውን የቀሰቀሰው ለንደን ላይ የተደረገ የእራት ንግግር ነበር። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ኦሊቨር ሊትልተን ሰኔ 30 ቀን 1953 ባደረጉት ንግግር የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች ወደፊት በፌዴሬሽን ሊጣመሩ እንደሚችሉ ፍንጭ ሰጡ። ፌዴሬሽን ማለት በኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች እጅ መውደቅ ነው ብሎ የሚያምነው የቡጋንዳ ሕዝብ ተነሣ። የዩጋንዳው እንግሊዛዊ ገዥ ሰር አንድሩ ኮኸን ካባካውን ለማግባባት ሞክረው ሲያቅታቸው ኅዳር 30 ቀን በአውሮፕላን ጭነው ወደ ለንደን ሰደዷቸው። ለዚህም የጠቀሱት የ1900ውን ውል አንቀጽ 6 ነው። አንቀጹ ካባካው፣ መኳንንቱና ሕዝቡ በታማኝነት እስከተባበሩ ድረስ እንግሊዝ ካባካውን እንደምታውቃቸው ይናገራል።

ክርክሩ ታዲያ የጦር ሳይሆን የንባብ ሆነ። ውሉን ማን እንዴት ያነበዋል? በ1954 ኅዳር ወር የዩጋንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገዥው አንቀጽ 6ን የጠቀሱት ያለ ቦታው ነው ሲል ወሰነ፤ በሌላ አንቀጽ ግን ሊያደርጉት ይችሉ ነበር ብሎ መንግሥትንም አላሳፈረም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ከሜንጎ ጎን ባለው ናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ አንድ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። የሚመራውም ዳኛ ወይም ጄኔራል አልነበረም። ሰር ኪት ሃንኮክ የሚባሉ አውስትራሊያዊ የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1949 ለድኅረ ምረቃ ጥናት የተቋቋመው የኮመንዌልዝ ጥናት ተቋም ዳይሬክተር። ከሉኪኮ የተመረጡት ተወካዮች ከእኚህ የታሪክ ምሁር ጋር ቁጭ ብለው፣ አንቀጽ በአንቀጽ እየተከራከሩ አዲስ የሕገ መንግሥት ሐሳብ አወጡ። ካባካው በጥቅምት 1955 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የዓለም አቀፍ ታሪክና ፖለቲካ ትምህርት ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ውልን፣ የደብዳቤ ልውውጥን፣ የባለሥልጣን ንግግርን አንብቦ የኃይል ሚዛኑን ማወቅ ነው ትምህርቱ። ሜንጎ ይህን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ከመኖሩ በፊት ጀምራዋለች።

በ1879 ቀዳማዊ ሙቴሳ ሦስት መልእክተኞችን በዓባይ በኩል ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ልከው ነበር፤ መልእክተኞቹ በ1880 ለንደን ደረሱ። ልጃቸው ምዋንጋ ቤተ መንግሥቱን ሜንጎ ላይ በተከሉ ጊዜ ግን ነገሩ ተገልብጦ አውሮፓ ራሷ ወደ ኮረብታው መጣች። ሐምሌ 1 ቀን 1890 እንግሊዝና ጀርመን ሄሊጎላንድ የምትባለውን የሰሜን ባሕር ደሴት ከአፍሪካ ጥቅሞች ጋር ለዋውጠው ዩጋንዳን በእንግሊዝ ክልል ውስጥ አስገቧት። ምዋንጋን የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንግሊዛዊው ካፒቴን ፍሬድሪክ ሉጋርድ የማክሲም መትረየሱን ይዞ ደረሰ፤ በቀናት ውስጥም ምዋንጋን ውል አስፈረማቸው። ጥር 24 ቀን 1892 በሜንጎ በተደረገው ውጊያ የተፋለሙት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ስማቸው ግን «እንግሊዞች» እና «ፈረንሳዮች» ነበር፤ ፕሮቴስታንቶቹና ካቶሊኮቹ ማለት ነው። የሉጋርድ መትረየስ ለፕሮቴስታንቶቹ አደላ። በኋላም እንግሊዝ ለፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ካሳ ከፈለች። በአንድ ኮረብታ ግርጌ የተጀመረ ጠብ የፓሪስና የለንደን የዲፕሎማሲ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዘመኑን ልብ ይበል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1889 ነው፤ ሉጋርድ ሜንጎ የደረሰው በ1890። ሁለቱም አገሮች የአውሮፓን የውል ቋንቋ በአንድ ሰሞን ተማሩ፤ አንዱ አድዋ ላይ ውሉን ቀደደ፣ ሌላው ውሉን ይዞ እስከ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1902 ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ከተጠሩት እንግዶች መካከል ከኢትዮጵያ ራስ መኮንን፣ ከሜንጎ ደግሞ ካቲኪሮው (ጠቅላይ ሚኒስትሩ) አፖሎ ካግዋ ነበሩ። የካግዋ ጸሐፊ ሃም ሙካሳ ጉዞውን ከመርከቡ ጀምሮ ጽፎታል፤ መጽሐፉም በ1904 በእንግሊዝኛ ታትሟል። አፍሪካዊ አውሮፓን አይቶ የጻፈው የታሪክ ምንጭ ነውና ዛሬም የዓለም አቀፍ ታሪክ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም።

ካግዋ ራሳቸው ከ1889 እስከ 1926 ካቲኪሮ ሆነው ሲያገለግሉ ከመንግሥት ሥራው ጎን የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። የቡጋንዳን ነገሥታት ታሪክ በሉጋንዳ ቋንቋ በ1901 አሳተሙ። ሽማግሌዎችን እየጠሩ ይጠይቃሉ፤ ያስጽፋሉ፤ ያመሳክራሉ። የጻፉት የራሳቸውን ወገን ይደግፋል የሚል ነቀፋ ቢቀርብባቸውም፣ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ወረቀቶቻቸው ዛሬም የዶክትሬት ተማሪ የሚፈልጋቸው ናቸው። የእኛ አለቃ ታዬና ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአዲስ አበባ ሲጽፉ፣ በሜንጎም እንዲሁ የቤተ መንግሥት ሰው ብዕር ይዞ ነበር።

ሉጋርድስ ወዴት ሄደ? ጄኔቫ። ከ1922 እስከ 1936 በመንግሥታት ማኅበር የሞግዚት ግዛቶች ኮሚሽን አባል ሆኖ ተቀመጠ። ከኮሚሽኑ ባልደረቦች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዊልያም ራፓር ነበሩ፤ እኚሁ ሰው በ1927 ከፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ፖል ማንቱ ጋር ሆነው የጄኔቫውን የዓለም አቀፍ ጥናቶች የድኅረ ምረቃ ተቋም መሠረቱ። ኮፊ አናን ከብዙ ዓመታት በኋላ የተማሩበት ትምህርት ቤት ይህ ነው። እንግዲህ የትምህርቱ ዘር ከየት እንደተዘራ ይታያል፤ ምሥራቅ አፍሪካን በመትረየስ የከፈተው ሰውና የትምህርት ቤቱ መሥራች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሌሎችን ሕዝቦች ፋይል ያገላብጡ ነበር። ትምህርት ቤቱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ከናዚ የሸሹትን ሃንስ ኬልሰንን የመሰሉ ሊቃውንት አስጠግቷል። ጉድለቱ ፋይሉ የሚመለከታቸው ሰዎች ከክፍሉ ውጭ መሆናቸው ነው።

ያ ክፍል ወደ ካምፓላ የመጣው በብዙ መንገድ ዞሮ ነው። ማኬሬሬ በ1922 ሲከፈት 14 ተማሪዎች ብቻ የነበሩት የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር፤ አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ መካኒክነት። በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቆራኝቶ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1948፣ የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ምርምር ተቋም እዚያው ኮረብታ ላይ ተቋቋመ፤ ገንዘቡ ከእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ልማት በጀት የመጣ ነው። ከ1950 ጀምሮ የመሩት አንትሮፖሎጂስቷ ኦድሪ ሪቻርድስ ነበሩ።

ሪቻርድስ ጠንካራ ሴት ነበሩ። የመሩት ጥናት በቡጋንዳ የሰው ፍልሰትን የያዘ ነበር፤ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ለጥጥና ለቡና እርሻ ሥራ የሚመጡትን ሠራተኞች ሕይወት መርምረው በ1954 አሳተሙት። የ1953ቱ ቀውስ ሲፈነዳ ተቋሙ ከሜንጎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበርና ተመራማሪዎቹ የሚጽፉት ስለ ጎረቤታቸው ሆነ። አንቶኒ ሎው የሚባለው ወጣት የታሪክ መምህር በማኬሬሬ እያስተማረ ለለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣም ይዘግብ ነበር። ከካናዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ክራንፎርድ ፕራት ጋር በ1960 ያወጡት መጽሐፍ የቡጋንዳንና የእንግሊዝን አገዛዝ ግንኙነት ከ1900 እስከ 1955 ያጠና ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ጥናት የሚጀምር ሁሉ የሚያነበው ነው። ተመራማሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ የአገሩ ልጆች በአስተርጓሚነትና በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ነጻነት በ1962 መጣ። በ1963 ማኬሬሬ፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም ተጣምረው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ቻንስለሩ ጁሊየስ ኔሬሬ ነበሩ፤ እሳቸውም የማኬሬሬ ልጅ ናቸው። በዚያው ዓመት በሞምባሳ የተወለደው አሊ ማዝሩኢ ለማስተማር ማኬሬሬ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። የአፍሪካን ሰላም ማን ይጠብቅ የሚለውን ጥያቄ የያዘ መጽሐፉን በ1967 አወጣ። ያሽ ታንዶን ደግሞ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ያስተምር ነበር። በ1970 ከዳሬሰላም የመጣው ዋልተር ሮድኒ ከማዝሩኢ ጋር አደባባይ ወጥቶ ሲከራከር፣ አንዱ ሶሻሊስት አንዱ ሊበራል፣ ተማሪው አዳራሹን ሞላው። በዚያ ዘመን የካምፓላ ተማሪ አፍሪካ በዓለም ውስጥ ስላላት ቦታ የሚሰማው ክርክር ከየትኛውም የአውሮፓ መማሪያ ክፍል ያላነሰ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሜንጎ ግን በዚያው ዘመን ተቃጠለች። ግንቦት 24 ቀን 1966 የዩጋንዳ መሪ ሚልተን ኦቦቴ ያዘዙት፣ ኢዲ አሚን የመራው ጦር ሉቢሪ የሚባለውን የካባካውን ግቢ አጠቃ። በነጻዋ ዩጋንዳ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙቴሳ አጥር ዘለው አመለጡ፤ በ1969 ለንደን ውስጥ በስደት ሞቱ። በ1967 የነገሥታቱ መንግሥታት በሕግ ተሻሩ። ሉቢሪ የጦር ሰፈር ሆነ። ከሉቢሪ በቀጥታ በሚሄደው መንገድ ጫፍ የቆመው የሉኪኮ አዳራሽ ቡላንጌም «ሪፐብሊክ ሃውስ» ተብሎ ለመከላከያ ተሰጠ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኘው እዚያ ነው። በሜንጎ የሸንጎው ቤት የጦር ጽሕፈት ቤት ሆነ። ቤተ መንግሥት ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን መንግሥት፣ ለትምህርት ያለውን ግምት በዚያው ይናገራል።

የሸንጎው ቤት የደረሰበት ዕጣ በስድስት ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ላይ ደረሰ። በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው አሚን በ1972 እስያውያንን ከአገር አባረረ፤ ካምፓላ ያደገው ወጣቱ ማህሙድ ማምዳኒ ከተባረሩት አንዱ ነው። የማኬሬሬ ምክትል ቻንስለር ፍራንክ ካሊሙዞ በዚያው ዓመት ተወስደው አልተመለሱም። ታንዶን ወጣ። ማዝሩኢም በ1973 ሄደ። መምህራኑ ሲበተኑ የሄደው የሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪን ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያሠለጥን ትውልድ ነው የተቋረጠው። መጻሕፍት ይቀራሉ፤ ውል እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ መምህር ግን ከሄደ በኋላ በአሥር ዓመትም አይተካም።

ማምዳኒ ከአሚን ውድቀት በኋላ ተመልሶ ማኬሬሬ አስተማረ፤ በ1987 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር የመሠረታዊ ምርምር ማዕከልን በካምፓላ አቋቋመ። ዩኒቨርሲቲው ግን በ1990ዎቹ ሌላ በሽታ ያዘው። መንግሥት በጀት ሲቀንስ፣ ዓለም ባንክም ሲገፋ፣ ማኬሬሬ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንና የማታ ትምህርትን አስፋፋ። ገንዘብ ገባ፤ የተማሪው ቁጥር አበጠ። መምህሩ ቀን ያስተምራል፣ ማታ ያስተምራል፣ በመሐል ለረጂ ድርጅት ሪፖርት ይጽፋል። የማኅበራዊ ምርምር ተቋሙም የማማከር ሥራ ላይ ተጠመደ። ማምዳኒ ይህን ታሪክ በ2007 ባወጣው መጽሐፍ ከሥር ከመሠረቱ መርምሮታል፤ ክሱም ግልጽ ነው። የማማከር ሥራ ጥያቄውን ከደንበኛው ይቀበልና መልስ ይሸጣል፤ ምርምር ግን ጥያቄውን ራሱ ይሠራል። ጥያቄውን ለሌላ የተወ ዩኒቨርሲቲ ድኅረ ምረቃ አለኝ ሊል አይችልም።

በ2010 ማምዳኒ የዚያው የምርምር ተቋም ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። በ2012 የተጀመረው የዶክትሬት ትምህርት የዚህ ክርክር ፍሬ ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮርስ ያልፋሉ፤ ተማሪው ቀጥታ ወደ መረጃ ስብሰባ አይላክም። ፖለቲካዊ ኢኮኖሚ፣ የፖለቲካ ጥናት፣ የታሪክ ጥናትና የባህል ጥናት አንድ ላይ ይሄዳሉ። የታሪክ ተማሪው የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ያነባል፤ የፖለቲካ ተማሪው መዝገብ ቤት መግባት ይማራል። ተማሪዎቹ ከዩጋንዳ ብቻ አይደሉም፤ ከጎረቤት አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር መጥተው ተምረዋል።

ሥርዓቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ሰሚናር ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ያነበበውን ይዞ ይገባል፤ መጽሐፉ ምን ይላል፣ ከማን ጋር ይከራከራል፣ ምንጩ ከየት ነው፣ ያልተናገረውስ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል። የ1900ውን ውል ያነሣን ተማሪ እንውሰድ። እንግሊዝኛውን ያነባል፤ ከዚያ የሉጋንዳውን ቅጂ ይፈልጋል፤ ከዚያ የካግዋን ወረቀቶች፣ የሚሲዮናውያኑን ደብዳቤ፣ የለንደንን ፋይል። ለመኳንንቱ የተከፋፈለውን መሬት ሲያገኝ «ማን ፈረመ?» የሚለው ጥያቄ «ማን ተጠቀመ?» ወደሚለው ይሸጋገራል። ከዚህ በኋላ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል ብቻ የተደረገ ሆኖ አይታየውም፤ ገበሬውም በውስጡ አለ። በእንግሊዝ ገዥና በሉኪኮ መካከል በ1953 የተደረገው ክርክር ያላነሣው ይህ ጥያቄ ነበር።

ተቋሙ ሰላም ብቻ አላየም። በ2016 ስለ ማስተማር ግዴታና ስለ ቢሮ የተነሣ ጠብ አደባባይ ወጥቶ የአገሩን ጋዜጦች ለሳምንታት አነጋግሯል። በ2020 መስከረም የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ተቃጥሎ ከዓመታት እድሳት በኋላ ነው የተከፈተው። ማምዳኒም በ2022 ከዳይሬክተርነቱ ወረደ። አንድ ሰው ይዞት የመጣው ትምህርት ያለዚያ ሰው ይቀጥል እንደሆነ የሚፈተነው አሁን ነው።

ሜንጎም ተመልሳለች። መንግሥታቱ በ1993 ሲፈቀዱ ሐምሌ 31 ቀን ሮናልድ ሙቴቢ ዘውድ ጫኑ፤ ቡላንጌ ለሉኪኮ ተመለሰ። በ2007 በቀዳማዊ ሙቴሳ ስም የተሰየመ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ሜንጎ ውስጥ ነው። መልእክተኛ ወደ ለንደን የላኩት ንጉሥ ስም የተማሪ መታወቂያ ላይ ታተመ።

በእኛ አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ለታሪክ ምሁር በማይመች ዘመን ነው። ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ ባሕሩ ዘውዴና ጓደኞቻቸው ያሠለጠኗቸው ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ስድስት ኪሎ ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ሳይታተሙ። የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙ በ2007 ተከፍቷል፤ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍሉም አለ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ ግን የኬንያን፣ የዩጋንዳን ወይም የሱዳንን ታሪክ ከምንጩ የሚያነብ፣ ስዋሂሊ ወይም ሉጋንዳ የሚችል ኢትዮጵያዊ የታሪክ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። የዓባይ ውሎች ሲነሡ፣ የድንበር ውሎች ሲነሡ፣ የጎረቤቶቻችንን ሰነድ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ከለንደን ወይም ከሮም በኩል ዞረን ነው።

ስለዚህ ጥሪው ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍሎች ነው። ተማሪ ወደ ካምፓላ ላኩ፤ ከካምፓላም ተቀበሉ። አንድ የስዋሂሊ መምህር ቅጠሩ። ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ቢያንስ አንድ የጎረቤት አገር መዝገብ ቤት ሳይገባ አይመረቅ። ለዶክትሬት ተማሪም አምስት ዓመት የሚያነብበትን ጊዜና የሚኖርበትን ደመወዝ ስጡት፤ ያለ እሱ የሚሠራው የማማከር ሪፖርት ነው የሚሆነው።